ቪኤይት በአዳማ አቧራ

ያገለገለ ቪኤይት፣ ማለትም ላንድ ክሩዘር 200፣ ሊገዛ ወደ ጋራዤ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከደላላ ጋር ነው የሚመጣው። ገዢው «ሞተሩ ጤነኛ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ደላላው እኔን ቀድሞ «ጋሼ፣ የመሥሪያ ቤት መኪና ነበር፣ ሹፌሩ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የያዘው» ይላል። እኔ ኮፈኑን ስከፍት መጀመሪያ የምፈታው የአየር ፊልትሮውን ቤት ነው። ፊልትሮውን አውጥቼ፣ ከእሱ ወደ ተርቦ የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ጨርቁ በቀጭን ዘይት ብቻ ከረጠበ እንቀጥላለን። ቡናማ አቧራ ይዞ ከወጣ ግን ደላላው የፈለገውን ይበል፣ ያ ሞተር አሸዋ ሲውጥ ኖሯል ማለት ነው።

ስለ ናፍጣው ቪኤይት ነው የማወራው፤ የቤንዚኑ ሌላ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ላንድ ክሩዘር 200፣ ባለ 4.5 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደርና ባለ ሁለት ተርቦ ሞተሩ 650 ኒውተን ሜትር ጉልበት ከ1,600 ዙር ጀምሮ ያወጣል። ሁለት ቶን ተኩል የሚያልፍ መኪና ዳገት ላይ እንደ ትንሽ መኪና የሚፈተለከው በዚህ ነው። ይህን ያህል ጉልበት የሚያወጣ ሞተር ግን በዚያው ልክ አየር ይስባል። በእኛ አካባቢ አየር ሲባል አቧራም ጭምር ነው። ከአዳማ ወጥቶ ወደ ወንጂ የአገዳ መንገዶች፣ ወደ ባቱና ላንጋኖ ዳር ፒስታዎች የገባ ሰው የስምጥ ሸለቆን አቧራ ያውቀዋል፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የደቀቀ፣ ሲነኩት ዱቄት የሚመስል፣ ብረት ላይ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሠራ ነው።

ፊልትሮውን የሚያበላሸው ራሱ አቧራው ብቻ አይደለም፤ እኛም እንረዳዋለን። ጎማ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር መንፋት የተለመደ ነው። አየሩ በኃይል ሲመጣ ወረቀቱን ይበሳዋል፤ ቀዳዳው በዓይን አይታይም፣ አቧራው ግን ያገኘዋል። ከዚያ የባሰው ርካሹ ኮፒ ፊልትሮ ነው። ወረቀቱ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ላይ ያለው ጎማ ግን ከቤቱ ጋር አይገጥምም። አየር ደግሞ ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። 200ው በሌላም ዓለም፣ በተለይ ብዙ አቧራ ባለባቸው አገሮች፣ በዚሁ የአየር ሳጥን በኩል በሚሾልክ አቧራ ይታማል። ስለዚህ ፊልትሮ ስቀይር ዳሩን በትንሹ ግሪስ ቀብቼ ነው የምገጥመው። ሲከፈት ግሪሱ የት ጋ አቧራ እንዳለፈ ይነግረኛል።

ይህ አቧራ ወዴት ይሄዳል? መጀመሪያ የተርቦውን ምላጮች ጠርዝ ይበላል። ቀጥሎ ፋሻና ሲሊንደር መሀል ይገባል። ፋሻው ሲያልቅ እሳቱ ወደ ታች ያመልጣል፤ ሞተሩ በስራ ፈት ዙር ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቼ የምመለከተው ለዚህ ነው። በትንሹ ቢተነፍስ ምንም አይደለም፤ ክዳኑን እያዘለለ የሚተነፍስ ከሆነ ግን ዋጋ ከመነጋገር በፊት ሞተር ማውረድን እንነጋገራለን። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 አካባቢ የተሠሩት ደግሞ አቧራ ባይገባቸውም ዘይት በመብላት ስም ያወጡ ናቸው፤ የዘይት መለኪያውን ሳያይ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚነዳ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ሞተር ማውረድ የተባለው በቪኤይት ላይ ከባድ ቃል ነው። ሁለት ቴስታታ፣ ስምንት ፒስተን፣ ስምንት ጥንድ ብሮንዚና፣ ሙሉ የጓርኒሲዮን ስብስብ ይፈልጋል። ከዕቃው በላይ ደግሞ ጊዜው አለ፤ ሁለት ተርቦ፣ ቱቦዎቻቸው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ሁሉም ጠባብ ቦታ ላይ ተደራርቦ ነው ያለው። ዲናሞ ወይም የውሃ ፓምፕ መቀየር እንኳ በአሮጌው ላንድ ክሩዘር ከምሳ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነበር። በዚህኛው አንዱን ለመንካት ሌላውን መፍታት ግድ ነው። ደንበኛ «አንድ ፓምፕ ነው እኮ!» ሲለኝ ፓምፑን አሳየዋለሁ፤ ቀጥሎም እሱ ጋ ለመድረስ የፈታሁትን ክምር።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያለን መካኒኮች አብዛኞቻችን ያደግነው በ1ኤችዜድ ላንድ ክሩዘርና በአይሱዙ ላይ ነው። 1ኤችዜድ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የለውም፣ ፖምፓው ሜካኒካል ነው። ናፍጣው ቢቆሽሽ እያሳለ ይሄዳል፤ ውሃ ቢጎድለው ይታገሳል። ይቅር ባይ ሞተር ነበር፤ እኛንም ይቅር ይለን ነበር። ችግሩ በእሱ የተማርነውን ልማድ ይዘን ወደ ቪኤይት መምጣታችን ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው። «እዚህ ሙቀት ነው፣ ምን ያደርግለታል?» ይባላል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፤ ያልሞቀ ናፍጣ ሞተር ጥላሸት ያመርታል፣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ፋሻውን ይበላል። ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ የናፍጣውን ልክ ይለውጣል። የሙቀት ችግር ያለበት መኪና ቴርሞስታቱ የወጣለት ከሆነ ያ መድኃኒት አይደለም፣ ምልክቱን መደበቅ ነው።

ውሃውም እንደዚሁ። ከቧንቧ ወይም ከጉድጓድ ቀድቶ ራዲያተር መሙላት የሹፌር ሁሉ ልማድ ነው። የእኛ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ማዕድን የበዛበት ነው፤ የወንጂ ሰው ጥርስ ላይ ፍሎራይዱ ያደረገውን ሁሉም ያውቃል። ውሃው ሲተን ጨውና ማዕድኑ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይቀራል፣ ኩላንት ሳይኖር ደግሞ አሉሚኒየሙ ይበላል። 200ው የራዲያተሩ የላይኛው የፕላስቲክ ክፍል በመሰንጠቅም ይታወቃል። መተሐራ ሜዳ ላይ፣ ኤሲው ተከፍቶ፣ ሰባት ሰው ተጭኖ የተሰነጠቀ ራዲያተር የቴስታታ ሥራ ይወልዳል።

መኪና ስፈትሽ የምነዳው በፍጥነት መንገዱ አይደለም። እዚያ ሁሉም መኪና ደህና ነው። የምወስደው ወደ አሰላ ነው፤ አዋሽ መልካሳን፣ ዴራን አልፎ ወደ ኢተያ። ከ1,600 ሜትር ገደማ ተነስቶ አሰላ ሲደርስ 2,400 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ የጎደለውን የሚሞላው ተርቦው ነው። አንዱ ተርቦ የደከመ መኪና ሜዳ ላይ ሊያታልል ይችላል፣ ዳገት ላይ ግን አይችልም። እየወጣሁ የሙቀት መለኪያውን፣ ከኋላ የሚወጣውን ጭስ ቀለም፣ በስካነሩ ላይ የተርቦውን ግፊት አያለሁ። ስመለስ ሞተሩን ሳላጠፋ ትንሽ አቆየዋለሁ። ከመንገዱ ወርዶ ወዲያው ቁልፍ ማጥፋት ግለቱ ገና ያልበረደውን ተርቦ ዘይት ማስራብ ነው። በክፍያ መንገዱ ከአዲስ አበባ ተወርውሮ መጥቶ ምሳ ቤት በር ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያጠፋ ሹፌር ይህን ሊሰማ አይፈልግም።

አሁን ወደ ናፍጣው ልምጣ፤ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። ቪኤይት ስምንት ኢንጀክተር አለው። ናፍጣውን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጩት፣ ውስጣቸው ያለው ክፍተት በሺኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። ናፍጣ በጠፋ ሰሞን ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ፣ ውሃና ዝገት የያዘ ናፍጣ ለ1ኤችዜድ ሳል ነበር። ለዚህኛው ስምንት ሒሳብ ነው።

ሒሳቡንም ለስሌት ያህል እንየው። አንድ ኢንጀክተር 400 ዶላር ነው እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ስምንቱ ከቀረጥና ከነጋዴ ትርፍ በፊት 182,400 ብር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ያው ዕቃ ከ320,000 ብር በላይ ሆነ። መኪናው አልተለወጠም፣ ብልሽቱም አልተለወጠም። መለዋወጫ ፍለጋ ሱማሌ ተራ ሄዶ የሚመለስ ደንበኛ ፊት ላይ ይህ ስሌት ይነበባል።

ታዲያ ስምንቱም መቀየር አለባቸው? አንድ የአርሲ ነጋዴ ሌላ ቦታ «ሙሉውን ቀይሩ» ተብለው መጡ። መኪናቸው በስራ ፈት ዙር ያንኳኳል፣ ጠዋት ነጭ ጭስ ያወጣል። «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ። «ኦቦ፣ ቁጭ ይበሉ፣ እስቲ መጀመሪያ እንየው» አልኳቸው። ስካነሩ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያደርገውን ማስተካከያ ያሳያል፤ አንዱ ሲሊንደር ብቻ ከሌሎቹ በጣም ርቋል። ከዚያ የመመለሻውን ናፍጣ በየጠርሙሱ ተቀብለን ለካን፤ ያው አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጦ ይመልሳል። ታንኩ ሲከፈት ከሥሩ ውሃ ወጣ። ታንኩን አጥበን፣ ፊልትሮዎቹን ቀይረን፣ አንዱን ኢንጀክተር ብቻ ተካን። አዲሱ ላይ የታተመውን የማስተካከያ ቁጥር ወደ መኪናው ኮምፒውተር ማስገባት አይረሳም፤ ይህን የሚዘል ጋራዥ ብዙ ነው፣ ከዚያም «ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ ዕቃውን ይከሳል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ክፍያ የምለው አለኝ። ደንበኛ ለተቀየረ ዕቃ ይከፍላል፣ ለፈታሁትም ይከፍላል። ግማሽ ቀን ጠርሙስ ደርድሬ ሰባቱ ደህና መሆናቸውን በማረጋገጤ ግን ማንም በደስታ አይከፍለኝም፤ «ታዲያ ምን ሠራህ?» ይለኛል። ስምንቱን ቀይሮ የዕቃ ኮሚሽን የበላ መካኒክ የተሻለ ያገኛል። በእኛ ሙያ ያለው ትልቁ ብልሽት ይሄ ይመስለኛል። የምርመራ ዋጋ የሚባል ነገር ለይተን ካልጠየቅን፣ ደንበኛም ለይቶ ካልከፈለ፣ ጋራዡ ሁሉ ዕቃ ቀያሪ ሆኖ ይቀራል። እኔ አሁን መጀመሪያ ለምርመራ የሚከፈለውን ተናግሬ ነው መኪና የማስገባው። የሚመለስ አለ። ይመለስ።

ፕራዶም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ባለ 3 ሊትሩ 1ኬዲ ሞተር ኢንጀክተሮቹ የሚቀመጡባቸው የመዳብ ቀለበቶች አሉት። ቀለበቱ ሲያፈስ እሳቱ ወደ ላይ ያመልጣል፣ ዘይቱን ያከስለዋል፣ ከሰሉ ወርዶ ዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት ያጣል። የዘይት መብራት በራ ሲባል ብዙ ሰው ዘይት ጨምሮ ይነዳል፤ ዘይቱ ግን ሞልቶ ነው የነበረው፣ መውጣት ነው ያቃተው። አራት ትናንሽ ቀለበት ያልተቀየረለት ሞተር ብሮንዚናው ሁሉ ተበልቶ ሲመጣ ማየት ያበሳጫል። ፕራዶ ለገዛ ሰው ሁሉ የምመክረው ይሄ ነው፤ ቀለበቶቹ ይቀየሩ፣ ካርተሩ ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። ከቪኤይት ወጪ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት የናፍጣ መኪኖች፣ ቢኤምደብልዩ ኤክስ5ም ሆነ ሬንጅ ሮቨር፣ በአጭሩ እንዲህ ናቸው፤ ጭስ ማውጫቸው ላይ ያለው የጥላሸት ማጣሪያ ድኝ የሌለበት ናፍጣ ይፈልጋል፣ በየጊዜውም ረጅም ጉዞ ሄዶ መቃጠል አለበት። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት የሚነዳ ሰው እዚህ አይግዛቸው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከጥር 2016 ወዲህ፣ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ወስኛለሁ ካለ ጀምሮ፣ በእጃችን ያሉት ቪኤይቶች ዋጋቸው ይጨምራል እንጂ ዕድሜያቸው አይጨምርም። ስለዚህ ሞተሩ ያለቀበት ሰው ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ሞተር ይፈልጋል። ማውረድና መሥራት ከዚህ ይሻላል ወይ የሚለው በየመኪናው ይለያያል፤ ሲሊንደሩ ካልተቧጨረና አልቤሮው ደህና ከሆነ የራሱን ሞተር መሥራት እመርጣለሁ፣ ታሪኩን አውቀዋለሁና። የዱባዩ ሞተር ደግሞ በረሃ ነው የኖረው፤ እሱም አቧራ ያውቃል። ተርቦዎቹን በእጅ አወዛውዞ፣ የምላጮቹን ጠርዝ በባትሪ አይቶ፣ የዘይት ክዳኑ ሥር ዝቃጭ አለመኖሩን አረጋግጦ ነው መግዛት። ሻጩ «ስታርት አድርገን አሳይተንሃል» ቢል በቂ አይደለም፣ ለሁለት ደቂቃ የማይነሳ ሞተር የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ሲቀየር ያ ቁጥር መቀየር አለበት፣ ለዚያም ሞተሩ የገባበት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይጠየቃል። ሻጩ «ለቦሎ ሲቀርብ ማንም አያየውም» ይላል፤ ያየዋል፣ ባያየውም ቀጣዩ ገዢ ያየዋል። ደንበኛው ሞተሩን በፒክአፕ አስጭኖ በር ላይ ሲያቆም መጀመሪያ የምጠይቀው ያንን ወረቀት ነው፤ ቁጥሩ ከሞተሩ ላይ ከተመታው ጋር እስኪገጥም ድረስ ሞተሩ ከፒክአፑ አይወርድም።