የመንገድ መሪ መጽሐፍና ሚዛኑ

የመንገድ መሪ መጽሐፍ እንደ ማንኛውም የጽሑፍ ሥራ የራሱ ዓይንና የራሱ ወገን አለው። በድንኳን ለማደር፣ ዓሣ ለማጥመድ ወይም በታንኳ ወንዝ ለመውረድ የተነሣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ፎቶግራፉ ያማረውንና ካርታው የበዛውን ነው። ይህ በቂ ሚዛን አይደለም። መጽሐፉ ወደማይታወቅ ውኃ ከመወሰዱ በፊት በሚታወቅ ምድር ላይ መፈተን ይኖርበታል፤ ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ፒያሳ አመቺ መፈተኛ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መጽሐፉ ለማን ተጻፈ የሚል ነው። የኢጣሊያ የቱሪስት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ «ኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ» ያሳተመው መምሪያ በመንገድና በካርታ ረገድ የተደከመበት ሥራ ነው። ነገር ግን መምሪያው በወጣበት ዘመን የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ከቦታው ተነቅሎ ነበር፤ የአራዳም ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ እንዲዛወር የተወሰነው በዚያው በወረራው ዘመን ነው። ርቀትን በትክክል የሚለካ መጽሐፍ የአገሩን ባለቤት ሊዘነጋ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው የመጽሐፉ ዕድሜ ነው። ከ2016 ዓ.ም. በፊት የታተመ መምሪያ በዚያ ዓመት የፈረሱትን የፒያሳ ቤቶች እንደቆሙ ይቆጥራል፤ በየካቲት የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያም አያውቅም። በፒያሳ ስሕተቱ አንድ ሰዓት ያባክን ይሆናል፤ በኦሞ ግን ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካውያን ቀዛፊዎች በጎማ ጀልባ የወረዱት ኦሞ፣ ግልገል ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ፍሰቱ በግድብ የሚመጠን ወንዝ ሆኗል። የቀድሞውን ሙላትና ጉድለት የሚያስተምር መጽሐፍ ስለ ሌላ ወንዝ ያስተምራል ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ሕዝቡ ነው። ስለ ጣና የሚጽፍ ደራሲ የደንገል ታንኳን ለፎቶግራፍ ማድመቂያ ብቻ ካደረገው፣ የሚያበጀውንና የሚቀዝፈውን ሰው ዕውቀት ግን ካልጠየቀ፣ ሥራው ጎዶሎ ነው። ቢልጫ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሽቅብ ይወጣል። ይህን ሳይናገር «በወንዙ አፍ ዓሣ ይበዛል» ብሎ የሚመክር መጽሐፍ ለአንድ ቀን ደስታ የነገውን ዓሣ ያስጨርሳል።

ስለዚህ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ሐይቅ የሚወርድ መምህር ከመግዛቱ በፊት የኅትመቱን ዓመት ይመልከት፤ ስለ ፒያሳ የተጻፈውን ገጽ በዓይኑ ከሚያየው ጋር ያስተያይ፤ የቦታውና የዓሣው ስም በአገሬው አጠራር መስፈሩን ይመርምር። የኪነ ጥበብ ሰውም ይህን ዓይነት ጽሑፍ ከሥነ ጽሑፍ ደጅ ውጭ ሳያስቀር፣ ከዓሣ አጥማጁና ከቀዛፊው አንደበት ሰምቶ በአማርኛ ሊጽፈው ይገባል።