ዜማው ባሕር ሲሻገር ቃሉ የት ቀረ? ስለ አቶ ሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የቀረበ አጭር ሒስ

የአንዱን አገር የሙዚቃ መሣሪያ ከሌላው አገር ዘፈን ጋር ማዋሐድ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተለመደ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ቢትልስ የተባሉት እንግሊዛውያን «ኖርዌጂያን ውድ» በተባለው ዘፈናቸው ሲታር የተባለውን የሕንድ መሣሪያ አስገቡ። መሣሪያው እንግዳ ነበር፤ ዘፈኑ ግን የእነርሱው እንደ ሆነ ቀረ። በጅማ ተወልደው በብሪታንያና በቦስተን ሙዚቃ የተማሩት አቶ ሙላቱ አስታጥቄ የሄዱበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። እርሳቸው ቪብራፎኑን፣ ፒያኖውንና ኮንጋውን ከውጭ ተቀብለው ዜማውን እንደ ትዝታና እንደ አንቺ ሆዬ ባሉ የአገር ቅኝቶች ላይ አቆሙት። አንዳንዶች ይህን የአገርን ዜማ ማበላሸት ነው ይሉታል። እኛ ግን በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙርን በአርሞኒየም ስለ ተማርን የባዕድ መሣሪያ አያስደነግጠንም፤ ቅኝቱ እስካለ ድረስ ቤቱ አልፈረሰም እንላለን።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በተባለው ሸክላ ውስጥ «ኩሉን ማን ኳለሽ» የተባለው የሰርግ ዘፈን ያለ ቃል ይሰማል። በእኛ በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያው፣ ማሲንቆ ብቻውን አይናገርም። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበላል፤ ማሲንቆውም ቃሉን ተከትሎ ያስተጋባል። ቅኔ በሚዘረፍበት አገር ላደገ ሰው ዜማ የቃል ፈረስ ነው። ታዲያ ፈረሱ ያለ ጋላቢ ሲመጣ ብናይ ባለቤቱ ወዴት ወደቀ ብለን መጠየቃችን ተገቢ ነው። አቶ ሙላቱ ለድምፃውያን ያቀናበሯቸውን ዘፈኖች አንዘነጋም፤ በውጭ አገር ይበልጥ የታወቁት ግን ቃል በሌለው ሥራቸው ነው።

ሆኖም ሸክላውን ደጋግመን ስንሰማ አንድ ነገር አስተዋልን። ቃሉ ከዜማው ቢወጣም ከእኛ አልወጣም፤ ዜማው ሲነሣ አፋችን ሳይታዘዝ ግጥሙን ይጀምራል። እንደ ጠላ ቤቱ ሰው እኛ ግጥም ሰጪዎች፣ መሣሪያው ተቀባይ ሆንን ማለት ነው። የኒው ዮርኩ አድማጭ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ የሚደርሰው የዜማው መልክ ብቻ ነው። የሚያሳስበንም እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም ታናናሾቻችን ግጥሙን ሳያውቁ ካደጉ በገዛ አገራቸው እንደ ኒው ዮርኩ አድማጭ መሆናቸው አይቀርም።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሙዚቀኛው ላይ መጣል አይገባም። ዜማውን እርሳቸው አሻግረውታል፤ ቃሉን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው። እያንዳንዳችን በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታችን ስንመለስ የሰርጉንና የማሲንቆውን ግጥም ከእናቶቻችንና ከአዝማሪዎቹ አፍ ብንጽፍ፣ ያ ሸክላ ለሚመጣውም ትውልድ ተቀባይ ሆኖ ይኖራል፤ ካልጻፍን ግን የሚሰጠው አያገኝም።