ተርጓሚው ዝም ያለበት ፊልም

በልጅነቴ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አባባ ተስፋዬ ሲቀርቡ የጎረቤት ልጆች ጫማችንን በረንዳ ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንኮለኮላለን። እሳቸው በድምፃቸውና በፊታቸው ብቻ ጅቡንም ጦጣዋንም አንበሳውንም እሳሎኑ ድረስ ያመጡልን ነበር። ኋላ ለዚያው ቤት የቪዲዮ ማጫወቻ ተገዛ። ቅዳሜ ከሰዓት ከቪዲዮ ቤት ካሴት ይከራያል፤ እንግሊዝኛ የሚያውቀው የቤቱ ትልቅ ልጅ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉምልናል።

«ዘ ብላክ ስታሊየን»ን ያየሁት እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ «ጥቁሩ ድንጉላ» ብንለው ያምርበታል። ለብዙ ዓመታት ስለዚህ ፊልም ሲነሳ የምናገረው ስለ መጨረሻው የፈረስ እሽቅድድም ነበር። ጋማ ላይ የተለጠፈ ልጅ፣ አቧራ፣ የሚጮህ ሕዝብ። ባለፈው ወር ደግሜ ሳየው ግን ትዝታዬ እንዳሳሳተኝ ገባኝ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ እሽቅድድሙ ከዚያ ውስጥ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ፊልሙን ትልቅ ያደረገው ሌላ ቦታ፣ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

ታሪኩ በ1946 እ.ኤ.አ. ከሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ማዶ በምትጓዝ መርከብ ላይ ይጀምራል። አሌክ ራምሲ ከአባቱ ጋር ተሳፍሯል። መርከቧ ላይ በገመድ ተወጥሮ የታሰረ ጉራቻ የዓረብ ፈረስ አለ። ልጁ ስኳር በድብቅ ያስቀምጥለታል። አባትየው በቁማር ካገኘው ለልጁ ሰንጢና ትንሽ የፈረስ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ቅርጹን ይዞም የታላቁ እስክንድርንና የፈረሱን የቡሴፋለስን ታሪክ ያወራለታል። በዚያው ሌሊት መርከቧ ትሰጥማለች። አባት ይሞታል፤ ልጁና ፈረሱ ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ይወጣሉ።

ከዚህ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። አስታውሳለሁ፣ ተርጓሚያችን እዚህ ቦታ ላይ ዝም አለ። መጀመሪያ «ምን አለ? ምን አለ?» እያልን ጨቀጨቅነው። ቀስ በቀስ እኛም ዝም አልን፤ ሁላችንም ገብቶን ነበርና። ልጁ ፈረሱን በድንጋዮች መካከል ገመዱ ጠምዶት ያገኘዋል፤ በአባቱ ሰንጢ ገመዱን ይቆርጥለታል። ፈረሱ ዘወር ብሎ ሳያየው ይሸሻል። ሌላ ቀን ልጁ ከእንቅልፉ ሲነቃ እባብ ፊት ለፊቱ አንገቱን አቅንቷል፤ ፈረሱ ደርሶ በኮቴው ይረግጠዋል። ውለታ በውለታ ተመለሰ፤ ወዳጅነት ግን ገና ነው። ልጁ የባሕር ዕፅዋት ሰብስቦ ይዘረጋለታል። ይርቃል፤ ፈረሱ ይቀርባል፤ ልጁ ትንሽ ይጠጋል፤ ፈረሱ ያፈገፍጋል። ይህ መቅረብና መሸሽ ያለ አንዳች ጥድፊያ ይቀጥላል። ፈረስን ማላመድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚለየው እውነት ነው፤ ፈረስ በጉልበት ይታሰራል እንጂ በጉልበት አይወዳጅም።

ዳይሬክተሩ ካሮል ባላርድ ከዚህ በፊት የሠራው ረጅም የልብ ወለድ ፊልም አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው የነበረው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በዋና አዘጋጅነት ደግፎት ነው እ.ኤ.አ. በ1979 ለሕዝብ ያደረሰው። ካሜራውን የያዘው ኬሌብ ዴሻኔል ደሴቲቱን በጣሊያኗ ሰርዲኒያ አንስቷታል። ልጁ መጀመሪያ ፈረሱ ላይ የሚወጣው ውሃ ውስጥ ነው። ካሜራው ከባሕሩ ሥር ሆኖ ሽቅብ ሲያይ አራት እግሮች ሲቀዝፉ፣ የልጁ ቀጫጭን እግሮችም በጎናቸው ሲንጠለጠሉ ይታያሉ። ፊት አይታይም፤ ድምፅ የለም፤ ደስታው ግን ይታያል። ይህን የመሰለ ቀረጻ ለኦስካር እጩ እንኳ አለመሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በድምፅ ሥራው አለን ስፕሌት ልዩ ኦስካር መሸለሙ ግን የተገባ ነው። ትንፋሹን፣ ኮቴው አሸዋ ላይ የሚሰማበትንና ድንጋይ ላይ የሚሰማበትን ልዩነት ዓይን ጨፍኖ ማዳመጥ ይቻላል።

ልጁን ሆኖ የተጫወተው ኬሊ ሪኖ ከኮሎራዶ የከብት እርባታ የመጣ፣ ፈረስ ላይ ያደገ ልጅ ነው፤ ያለ ኮርቻና ያለ ልጓም ሲጋልብ አካሉ ያስታውቃል። ፈረሱ ካስ ኦሌ የሚባል ከቴክሳስ የመጣ የዓረብ ድንጉላ ነበር። ግንባሩና እግሮቹ ላይ ነጭ ምልክት ስለነበረው ቀለም እየተቀባ ፍጹም ጉራቻ መሰለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በፊልሙ ውስጥ ፈረሱ ስም የለውም፤ «ብላክ» ብቻ ይሉታል። በእኛ አገር ሰውዬው ራሱ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ልጅ ሳለን ፊልሙን ካየን በኋላ ማንም ሳይነግረን አሌክን «አባ ጥቁር» ማለት ጀምረን ነበር። በጨዋታችን ውስጥ አባ ጥቁር ለመሆን ያልተጣላ አልነበረም። ሌሎች ጀግኖች በሽጉጥና በቡጢ ያሸንፉ ነበር፤ እሱ በትዕግሥት ስላሸነፈ ይመስለኛል እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ።

ጣሊያናውያን ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ልጁን ሲያወጡት ፊልሙ ወደ ኒው ዮርክ ይወስደናል። ከዚህ ጀምሮ ይወርዳል። መጥፎ አይሆንም፤ የምናውቀው ዓይነት ፊልም ይሆናል። ጡረታ የወጣ አሠልጣኝ፣ አሮጌ ጋጣ፣ በሌሊት ዝናብ ውስጥ የሚደረግ ስውር ልምምድ፣ ከዚያ ሁለቱን ስመ ጥር ፈረሶች ሳይረስንና ሰን ሬይደርን የሚገጥም ውድድር። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው እንደሚባለው ነው። ይህን ክፍል የሚያድነው ሚኪ ሩኒ ነው። ሩኒ እ.ኤ.አ. በ1944 በ«ናሽናል ቬልቬት» አንዲት ልጅ ፈረሷን ለታላቅ ውድድር እንድታበቃ የሚረዳ ወጣት ሆኖ ተጫውቶ ነበር። ከ35 ዓመት በኋላ አሠልጣኙን ሄንሪ ዴይሊን ሆኖ ሲመጣ፣ ያ ወጣት አርጅቶ የመጣ ይመስላል። ልጁን የገለባ እስር ላይ አስቀምጦ አጋላለብ ሲያስተምረው ዓይኑ ውስጥ ያለፈ ዘመኑ ሁሉ አለ። ለኦስካር ያሳጨውም ይኸው ሚና ነው።

ጉድለቶቹንም መናገር አለብኝ። በመርከቡ ላይ ፈረሱን የሚጠብቀው ዓረብ ስምም ታሪክም የለውም፤ ጭካኔ ብቻ ተሰጥቶታል። ፈረሱን ያስገኘው ግን የእሱ ሕዝብ የዘመናት እርባታ ነው። ቴሪ ጋር የተጫወተቻት እናትም ባሏን ባሕር የነጠቃት ሴት ናት፤ ፊልሙ ለሐዘኗ ጊዜ አልሰጣትም። የፈረስ ውድድር የሚያውቅ ሰው ሌላም ጥያቄ ያነሳል። የእንግሊዝ የእሽቅድድም ፈረስ ዘር ከምሥራቅ ከመጡ ሦስት ድንጉሎች የወረደ ቢሆንም ለአጭር ርቀት ፍጥነት ሲባል ለዘመናት ተመርጦ የተራባ ነው። የዓረብ ፈረስ ጥንካሬው ረጅም መንገድ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ሜዳ የዓረብ ፈረስ ሁለት ምርጦችን ይቀድማል ማለት ይከብዳል። ፊልሙ የተመሠረተበት የዋልተር ፋርሊ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1941 ሲወጣ ይህንኑ ድል ይዞ ነው የወጣው፤ ፊልሙ ወርሶታል።

ሆኖም ባላርድ ድሉን በፍጥነት ብቻ አላስረዳም። በውድድሩ መካከል የሕዝቡ ጩኸት ይጠፋል፤ ደሴቲቱ ትመለሳለች፤ ልጁ ልጓሙን ለቆ እጆቹን ይዘረጋል። የሚጋልበው ሜዳው ላይ መሆኑ ይቀርና አሸዋው ላይ ይሆናል። ልጅ ሳለሁ እንባዬን ያመጣው እሽቅድድሙ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ያስለቀሰኝ ያ የደሴቱ ግማሽ ሰዓት ኖሯል፤ እሽቅድድሙ እሱን ባያስታውሰን ኖሮ ተራ ሩጫ ነበር።

ለዚህ ማረጋገጫ የሚሆነኝ ከ1990 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የተሠራው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ሚኪ ሩኒ ያንኑ አሠልጣኝ ሆኖ ተመልሷል፤ ፈረሱም ልጁም አሉ። የቀረው ደሴቱ ነው። በየክፍሉ ችግር ይመጣል፣ ይወራል፣ ይፈታል። ደግ ድራማ ነው፤ ልጆችንም አይጎዳም። ግን ሁሉም ነገር በንግግር ስለሚያልቅ ልጁና ፈረሱ እንዴት እንደተዋወቁ የሚያስብ ተመልካች አይቀርም።

የአሜሪካ የፊልም ቅርስ መዝገብ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ2002 ተቀብሎታል። ከልጆቻችሁ ጋር እዩት። እንግሊዝኛውን የማይችል ልጅ ካለ መርከቡ ላይ ተርጉሙለት፤ ኒው ዮርክ ሲደርስም ተርጉሙለት። ደሴቱ ላይ ግን እባካችሁ ማንም አይናገር።