አውራጅና ተቀባይ፦ በጌታቸው መኩሪያና በኃይሉ መርጊያ የሙከራ አልበሞች ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

መግቢያ

ሰሜን ሸዋ ለዘመናዊ ሙዚቃችን ያበረከተቻቸው ሁለት አንጋፋ የመሣሪያ ተጫዋቾች፣ በእርጅና ዘመናቸው ከውጭ የሙከራ ሙዚቀኞች ጋር አልበም ሠርተዋል። የይፋቱ ተወላጅ የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ሮክ ባንድ ጋር ሆነው በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን አወጡ። በደብረ ብርሃን የተወለዱት የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ከሁለት አውስትራሊያውያን ጋር በ2018 «ላላ በሉ»ን አቀረቡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

እነዚህ አልበሞች ሲነሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ስም «የባህሎች ውህደት» ነው። ይህ አገላለጽ ሁለት ወገኖች እኩል አዋጥተው ሦስተኛ ነገር እንደፈጠሩ ያስመስላል፤ ሙከራውም ከውጭ የመጣ፣ ዜማው ብቻ ከእኛ የተወሰደ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ይለያል። የሁለቱም አልበሞች አሠራር በሕዝብ ዜማችን የምናውቀው የአውራጅና የተቀባይ ሥርዓት ነው። አውራጁ ዜማውን ያወጣል፣ ያረዝማል፣ ያጥፋል፤ ተቀባዩ ይመልሳል፣ ይደግፋል፣ አውራጁ እንዲደፍርም ያደርገዋል። በሁለቱም ሥራዎች አውራጆቹ የሰሜን ሸዋ አዛውንት ሲሆኑ፣ የሙከራ ባንዶቹ ትልቅነትም ጥሩ ተቀባይ መሆናቸው ነው።

ሽለላ ያለ ግጥም

ይፋት ከአንኮበር ከፍታ በስተምሥራቅ ቁልቁል የሚወርደው ምድር ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ዘመቻና ግብር የአካባቢው የኑሮ ሥርዓት አካል ነበሩ፤ ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራም ከዚያ ሥርዓት አይነጠሉም። ጌታቸው በ1935 የተወለዱት ይህ ድምፅ ገና በሕይወት በነበረበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የተማሩት ክራርና ማሲንቆ ሲሆን፣ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን የተሻገሩት ከዚያ በኋላ ነው። በ1949 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን ተቀላቀሉ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ።

የጌታቸው ትልቁ ፈጠራ በተዋጊ ጉሮሮ ይሰማ የነበረውን ሽለላ በሳክስፎን ማሰማታቸው ነው። ይህን ቀላል ሽግግር አድርጎ ማየት ስህተት ይሆናል። ሽላይ የሐረጉን ርዝመት የሚወስነው በትንፋሹ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነሣና ያርገበግባል፣ ከዚያ በድንገት ይሰብረዋል። ቋሚ ምት ቢኖርም እንኳ ድምፁ ይቀድመዋል ወይም ወደኋላ ይቀርለታል። የወታደራዊና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ሥልጠና ግን በተጻፈ ኖታና በእኩል በሚቆጠር ምት ላይ የቆመ ነበር። ጌታቸው የባንዱን መሣሪያ ይዘው የባንዱን ሥርዓት ጥሰዋል። ሰፊ የድምፅ መርገብገብ፣ ጩኸትና ስብር ድምፅ በሌላ ተጫዋች ዘንድ ጉድለት ሊባሉ ይችላሉ፤ በእሳቸው ግን የሽላዩ ጉሮሮ ናቸው። በ1970ዎቹ መባቻ በፊሊፕስ የታተመው የሸክላ አልበማቸው ይህን በአግባቡ ይመሰክራል። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው የሚቆሙትም ለጌጥ አልነበረም፤ የሚጫወቱት የማንን ድምፅ እንደሆነ ለተመልካች ማሳወቂያ ነበር።

የምዕራቡ ዓለም ተቺዎች ይህን ድምፅ ሲሰሙ አሜሪካዊውን የፍሪ ጃዝ ሳክስፎኒስት አልበርት አይለርን ይጠቅሳሉ። መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሊጤን ይገባል። አይለር የመጀመሪያ ቅጂዎቹን ያደረገው በ1960ዎቹ ሲሆን፣ ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን መጫወት የጀመሩት በ1950ዎቹ ነው። ስለዚህ ጌታቸውን ለመረዳት በኒው ዮርክ በኩል መዞር አያስፈልግም። አጭሩ መንገድ በይፋት በኩል ነው።

ዘ ኤክስ ተቀባይ ሲሆን

ዘ ኤክስ በ1979 በሆላንድ ከፓንክ ንቅናቄ የተወለደ ባንድ ነው። በራሱ ወጪና በራሱ ፈቃድ መሥራትን መርሁ አድርጎ፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ነጻ ቅጽበታዊ ፈጠራ አዘነበለ። ጊታሪስቱ ቴሪ ሄሰልስ ወደ ኢትዮጵያ ደጋግሞ የተመላለሰ ሰው ሲሆን፣ ባንዱም በ2002 እዚህ አገር መጥቶ ተጫውቷል። በ2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸው አምስተርዳም ተጋበዙ፤ በዚያም ከሌላ የሆላንድ ኦርኬስትራ ጋር ቀረቡ። የዘ ኤክስን ጨዋታ ካዩ በኋላ ግን «ቀጣዩን አልበሜን ከእናንተ ጋር ነው የምሠራው» ያሉት ራሳቸው ናቸው። ወደ ሰባ የተጠጋ አንጋፋ፣ በአገሩ ለስላሳ የዳንስ ባንዶች እየበዙ በነበረበት ዘመን፣ የፓንክ ባንድ መረጠ። የአልበሙን ባለቤትነት ጥያቄ የሚመልሰውም ይኸው ምርጫ ነው።

ምርጫው ለምን ሠመረ? ሙዚቃዊው ምክንያት በጊታሮቹ ላይ ይሰማል። አብዛኛው የሮክ ጊታር በኮርድ ለውጥ ላይ ይመሠረታል፤ የኮርድ ለውጥ ደግሞ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ወደ ሜጀርና ማይነር ስለሚጎትት ጠባያቸውን ያደበዝዛል። የዘ ኤክስ ጊታሪስቶች ኮርድ አይደረድሩም። ክሩን እንደ ከበሮ ይመቱታል፤ አንድ ሐረግ ይዘው ሳያቋርጡ ይደግሙታል። በዚህ ድግግሞሽ ላይ ቅኝቱ ሳይነካ ይቆማል። ጌታቸው ሲያረዝሙ ባንዱ በቦታው ይጠብቃል፤ ሲሰብሩት ጊታሮቹ በጩኸት ይመልሳሉ። ከበሮ መቺዋ ካትሪና ቦርንፌልድም ምቱን ከመቁጠር ይልቅ እያንከባለለች ትነዳዋለች። ሽላይን የከበበ ሕዝብ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ያጅባል፣ ያነሣሣል፣ ቃሉን ግን አይነጥቅም።

አልበሙ እንከን የለውም ማለት አይደለም። የተጋበዙት ክላርኔት፣ ትሮምቦንና አልቶ ሳክስፎን በአንዳንድ ፈጣን ዘፈኖች ላይ የጌታቸውን ዜማ በአንድነት ስለሚከተሉ፣ በነጻነት መዋዠቅ የነበረበት ሐረግ ቀጥ ባለ መስመር ይታሰራል። አልበሙ የሚያይለው ባንዱ በሚደፍርበትና ከዜማው ራቅ ብሎ በሚቆምበት ቦታ ነው። ሁለቱ ወገኖች በ2012 «የአንበሳው ትዝታ»ን ጨምረው አወጡ፤ ጌታቸው በሚያዝያ 2016 ሲያርፉ ይህ የስንብት አልበማቸው ሆነ።

ደብረ ብርሃን፣ ባሕር ዳር፣ ዋሽንግተን

በ«ሞዓ አንበሳ» ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት» የተሰኘ ዜማ አለ። ዜማው ዋልያስ ባንድ በ1977 «ቼ በለው» በተባለው በመሣሪያ ብቻ በተቀነባበረ አልበሙ ያቀረበው ሲሆን፣ የዚያ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ናቸው። የይፋቱ ሳክስፎንና የደብረ ብርሃኑ ኦርጋን በዚህ አንድ ዜማ ላይ፣ በሆላንድ ጊታሮች መሐል ይገናኛሉ።

ኃይሉ በ1946 ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ከተጫወተ በኋላ በ1981 ለጉዞ ወደ አሜሪካ ሲያቀና፣ ኃይሉ እዚያው ከቀሩት አባላት አንዱ ሆኑ። በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻቸውን አቀናጅተው አንድ ካሴት ቀረጹ። ከዚያም ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ ኪቦርዳቸውን በመኪናው ሻንጣ ይዘው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱን አሜሪካዊው ሰብሳቢ ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 በድጋሚ ሲያሳትመው፣ ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ።

«ላላ በሉ»ን ከባሲስቱ ማይክ ማይኮቭስኪና «ዘ ኔክስ» በተባለው የሙከራ ጓድ ከሚታወቀው ከበሮ መቺ ቶኒ በክ ጋር ነው የሠሩት። አልበሙን የሚከፍተው «ትዝታ» አሥር ደቂቃ ያህል ይረዝማል። እዚህ ላይ ከጌታቸው ሥራ ጋር የሚያስተሳስር ነጥብ አለ። አኮርዲዮንም በወናፉ ይተነፍሳል። ቁልፎቹ ግን ቋሚ ድምፅ ስላላቸው፣ ማሲንቆና ሳክስፎን እንደሚያደርጉት ድምፁን ማጠፍ አይችልም። ኃይሉ ይህን ገደብ የሚሻገሩት ዋናውን ድምፅ በፈጣን አጫጭር ድምፆች በማጀብ ነው፤ በአየር ግፊቱም ያሳሱታል፣ ያወፍሩታል። በክና ማይኮቭስኪ ቦታውን አይሞሉትም። ብዙ የሚችሉ ሰዎች ጥቂት ብቻ ሲጫወቱ ይሰማል፤ የተቀባይነት ጥበብም ይኸው ነው። የአልበሙ መዝጊያ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ደግሞ በፒያኖ ብቻ የቀረበ ነው፤ እንጉርጉሮ ተቀባይ የማይሻ የብቻ ዜማ መሆኑን አቀናባሪው አልዘነጉም። ደካማ ጎኑ በፈጣኖቹ ዜማዎች ይታያል፤ እዚያ ላይ ሦስቱም በሚመች ምት ላይ ተደላድለው፣ የመክፈቻው ድፍረት ይቀዘቅዛል።

ንጽጽርና መደምደሚያ

ሮክና የኢትዮጵያ ዜማ የተገናኙበት ሌላ መንገድም አለ። ጃኖ ባንድ በ2012 ባወጣው «ኤርታሌ»፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰር ሆኖ፣ ከባድ የጊታር ድምፅ የአማርኛ ዘፈኖችን ተሸክሟል። ያ ሥራ ወጣቱን አድማጭ በአገሩ ቋንቋ ወደ ሮክ አምጥቷል፤ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው። በእሱ ውስጥ ግን ሮክ ቤቱ ሲሆን ዜማው እንግዳ ነው። በጌታቸውና በኃይሉ አልበሞች ቤቱ ሽለላና ትዝታ ናቸው፤ ጊታሩና ነጻው ከበሮ የሚገቡት ባለቤቱ ሲፈቅድላቸው ነው።

ሊሰነዘር የሚችል ተቃውሞ አለ፦ ግጥም ሲወጣ ሽለላ ታሪኩን፣ ስሙንና ወኔውን አያጣም ወይ? በእርግጥ የሚጎድል ነገር አለ። የፈረስ ስም፣ የአባት ስም፣ የወንዝ ስም በሳክስፎን አይነገርም። ሆኖም የሽለላ ኃይል በቃሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አማርኛ የማይሰማው ባንድ ተቀባይ ሊሆን ባልቻለ ነበር። ዜማው፣ ትንፋሹና ስብራቱ ለብቻቸው የሚናገሩት ነገር እንዳለ እነዚህ ሥራዎች አረጋግጠዋል።

ከዚህ የሚመነጨው ኃላፊነት ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር ቅርብ ነው። ጌታቸው ያን ሁሉ ሊደፍሩ የቻሉት ከመሣሪያው በፊት ድምፁን ስለሰሙት ነው። ዛሬ በደብረ ብርሃን ጊታር የሚይዝ ወጣት ሽለላን በአካል የሚሰማበት አጋጣሚ እየጠበበ ከሄደ፣ የሚሞክረው ነገር ሳይኖረው ሙከራ ሊጀምር ነው። የባህል ቢሮዎችና የሙዚቃ መምህራን የአካባቢውን ሽላዮች፣ ቀረርቶ አውጪዎችና አዝማሪዎች ድምፅ ሙሉ ርዝመቱን ሳይቆርጡ ይቅረጹ፤ ቅጂውም መደርደሪያ ላይ ሳይቀር ለወጣት ባንዶች ይድረስ። ተቀባይ ከአምስተርዳምም ከሲድኒም ሊመጣ ይችላል፤ አውራጅ ግን እዚሁ ካልበቀለ ከየትም አይመጣም።