ክፍት ዩኒቨርሲቲ በእርግጥ ርካሽ ነውን? በናይጄሪያ ታሪክ ላይ የቀረበ አጭር ሒስ

በማደግ ላይ ባሉ አገሮች የከፍተኛ ትምህርት ጉዳይ በተነሣ ቍጥር አንድ አሳብ ደጋግሞ ይቀርባል። ይኸውም የመማሪያ አዳራሽና የተማሪዎች መኖሪያ ሠርቶ ጥቂቶችን ብቻ ከማስተማር ይልቅ፣ ትምህርቱን በጽሑፍ፣ በራዲዮና በኢንተርኔት ወደ ተማሪው ቤት መላክ በአነስተኛ ገንዘብ ብዙ ሕዝብ ለማስተማር ያስችላል የሚል ነው። ቀድሞ የተልእኮ ትምህርት ይባል የነበረው፣ ዛሬ የርቀት ትምህርት የምንለው ይህ አሠራር ለገበሬው ልጅ፣ ሥራውን ትቶ ከተማ ለመግባት ለማይችለው መምህርና ልጆች ለምታሳድገው እናት በር የሚከፍት መሆኑን እኛም አንክድም። የምንተቸው አሠራሩን ሳይሆን ዕቅዱ ለመንግሥት የሚቀርብበትን ምክንያት ነው። ርካሽነቱ ብቻ ተነግሮለት የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ባጠረ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰረዘው እርሱ ነው ብለን እናምናለን። ለዚህም የናይጄሪያ ታሪክ ጥሩ ምስክር ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንወዳለን።

በመጀመሪያ የአሳቡን ምንጭ እንመልከት። የእንግሊዝ የሠራተኛ ፓርቲ መሪ የነበሩት ሃሮልድ ዊልሰን በ1963 በግላስጎው ከተማ ባደረጉት ንግግር የአየር ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም አሳብ አቀረቡ። ጄኒ ሊ የተባሉት ሚኒስትር ጉዳዩን ይዘው ገፉበት፤ በ1969 ዩኒቨርሲቲው የንጉሣዊ ቻርተር ተሰጠው፤ በ1971 መጀመሪያ ላይም ወደ 25,000 የሚሆኑ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጀመሩ። በመካከሉ ግን በ1970 አጋማሽ የመንግሥት ለውጥ ሆነ። አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ኢየን ማክላውድ ዕቅዱን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰው ነበሩ። እርሳቸው ሥልጣን በያዙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በድንገት ዐረፉ፤ የትምህርት ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸርም ሥራው እንዲቀጥል አደረጉ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ይህ ዩኒቨርሲቲ ከሌሎቹ ባነሰ ወጪ ዲግሪ ለመስጠት ያስችላል የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ተቃዋሚያችን «እንግዲያው ርካሽነቱ አዳነው እንጂ መች አጠፋው?» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ አገር ፖስታው በየቤቱ ሳይዘገይ ይደርስ ነበር፤ ቢ ቢ ሲ በመላው አገር የሚሰማበትና የሚታይበት ማሰራጫ ቀድሞ ቆሞ ነበር፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በየከተማው ተከፍቶ፣ ኤሌክትሪክም በየቤቱ ገብቶ ነበር። ይህ ሁሉ ብዙ ዘመን በሌላ ሒሳብ የተከፈለበት ስለ ሆነ በዩኒቨርሲቲው የወጪ መዝገብ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ርካሽነቱ ከአሠራሩ ብቻ የመጣ ሳይሆን ከአገሩ ሀብትም ጭምር የመጣ ነበር። አሠራሩን ተቀብሎ ርካሽነቱም አብሮ ይመጣልኛል የሚል ዐቃጅ፣ የጎረቤቱን የውሃ ወፍጮ አይቶ የራሱን በደረቅ መሬት ላይ የሚተክለውን ሰው ይመስላል። ወፍጮው ያው ነው፤ ወንዙ ግን የለም።

አሁን ወደ ናይጄሪያ እንሻገር። በፕሬዚዳንት ሸሁ ሻጋሪ ዘመን፣ በ1983 አጋማሽ፣ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ የሚያቋቁም ሕግ ወጣ፤ ፕሮፌሰር አፎላቢ ኦጆም የመጀመሪያው መሪ ሆኑ። ጊዜው የነዳጅ ዘይት ገቢ የቀነሰበትና የመንግሥት ካዝና የተራቈተበት ነበር። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ጦር ሠራዊቱ ሥልጣን ያዘ፤ የጄኔራል ሙሐመዱ ቡሐሪ መንግሥትም በ1984 የፀደይ ወራት ዩኒቨርሲቲው ሥራውን እንዲያቆም አዘዘ። ከሕጉ መውጣት አንሥቶ እስከ መታገዱ ያለው ጊዜ ዘጠኝ ወር ያህል ብቻ ነው። እንደ ገና ነፍስ የዘራው በፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ መንግሥት በ2001 እና በ2002 ነበር። ስለዚህ በታገደበት ዓመት የተወለደ ሕፃን፣ በሩ ተመልሶ ሲከፈት ለከፍተኛ ትምህርት ዕድሜ ደርሶ ነበር። በመካከሉ ያለፈው ትውልድ ያጣው ዕድል በማንም የቍጠባ ሒሳብ ላይ አልተመዘገበም።

ለእገዳው ሁለት ምክንያቶች ይነገራሉ፤ አንዱ የገንዘብ እጥረት፣ ሌላው ፖስታው፣ ስልኩና መብራቱ ለእንዲህ ያለው ትምህርት አይበቃም የሚል ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሲመረመር ሙሉ ሆኖ አይገኝም። በሌጎስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ1974 ጀምሮ የተልእኮ ትምህርት ክፍል ነበረ። በካዱና በ1976 የተቋቋመው ብሔራዊ የመምህራን ተቋምም መምህራንን በርቀት ያሠለጥን ነበር። እነዚህ በዚያው አገር፣ በዚያው ፖስታና በዚያው መብራት እየሠሩ ዘለቁ። ልዩነታቸው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ እንደሚመስለን፣ እነርሱ የሚታይ ተማሪና የታወቀ ጥቅም ነበራቸው። አንድ መንደር መምህር ሲያገኝ ሁሉም ያየዋል። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ግን በዚያ ሰዓት ለማሳየት የሚችለው ሕጉን፣ ጽሕፈት ቤቱንና ወጪውን ብቻ ነበር። «ርካሽ ነው» ተብሎ የቀረበለት መንግሥት ቢያይ ቢያይ ያገኘው ወጪ ሆነ፤ ቍጠባው የሚመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበርና። ቡና ተክሎ በሁለተኛው ዓመት ፍሬ አላየሁም ብሎ የሚነቅል ገበሬ ብልህ አይባልም፤ ነገር ግን ችግኙን የሸጠለት ሰው ቡና በስንት ዓመት እንደሚያፈራ ሳይነግረው ቀርቶ ከሆነ ወቀሳው የሁለቱም ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን በቀላል ሒሳብ ለማስረዳት እንሞክር። ቍጥሩ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው። አንድን ትምህርት ለማዘጋጀት፣ ይኸውም ሞጁሉን ለማስጻፍ፣ ለማረምና ለማሳተም 1,000,000 ብር ይፈጃል እንበል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተማሪ ለመላኪያ፣ ለአስጠኚና ለፈተና 500 ብር ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ 100 ቢሆኑ በነፍስ ወከፍ 10,500 ብር ይደርሳል፤ 10,000 ቢሆኑ ግን 600 ብር ብቻ ይሆናል። ርካሽነት የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። ዳሩ ግን ሚሊዮኑ ብር የሚወጣው አንድም ተማሪ ሳይመዘገብ ሲሆን፣ ዐሥር ሺህ ተማሪ የሚገኘው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ገንዘቡን በየዓመቱ ከሚለዋወጥ በጀት የሚጠብቅ ዩኒቨርሲቲ በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት መካከል ይሞታል።

በሒሳቡ ውስጥ ሌላም የተሸሸገ ነገር አለ። ከተመዘገቡት 10,000 ተማሪዎች ትምህርታቸውን የሚፈጽሙት 2,000 ብቻ ቢሆኑ፣ ጥለው የሄዱትም ወጪ የተደረገባቸው ስለ ሆነ፣ የአንድ ምሩቅ ወጪ 600 መሆኑ ይቀርና 3,000 ብር ይሆናል። የእንግሊዙን ክፍት ዩኒቨርሲቲ የመሩት ሰር ጆን ዳንኤል በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ100,000 በላይ ተማሪ ያላቸውን የርቀት ዩኒቨርሲቲዎች አጥንተው፣ ወጪያቸው ከነባሮቹ እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ማስረጃቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ያደጉት ናቸው፤ ባደገው ልክ የጨቅላውን ልብስ መስፋት አይገባም። ደግሞም የተመዘገበውን ቈጥሮ የተመረቀውን አለመቍጠር፣ የተዘራውን እንጂ የታጨደውን አለመመዘን ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ዩኒቨርሲቲው ያልከፈለውን ተማሪው ይከፍለዋል። መብራት፣ የኢንተርኔት ክፍያ፣ እስከ ፈተናው ማዕከል ያለው የመኪና ዋጋና የማደሪያው ሁሉ በተማሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ለድሃው ይጠቅማል ተብሎ የታቀደው ትምህርት በዚህ መንገድ ድሃውን ቀስ በቀስ ያንጠባጥበዋል።

የምስክር ወረቀቱም ክብር የዕቅዱ ክፍል መሆን አለበት። በናይጄሪያ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቁ ሰዎች ጥብቅና ለመቆም ወደሚያበቃው የሕግ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ብዙ ጊዜ ተከልክለው ቈይተዋል። ዩኒቨርሲቲው እንደ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሠራ የሚያደርገው የሕግ ማሻሻያ የተፈረመው በ2017 ነው፤ የፈረሙትም፣ በምርጫ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመለሱት፣ በ1984 ያገዱት ያው ሙሐመዱ ቡሐሪ ነበሩ። አንድ ሰው አሳቡን ማሻሻሉ የሚመሰገን ነው፤ የተቋም ዕድሜ ግን በአንድ ሰው አሳብ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

የተሻለ መንገድ መኖሩን ሕንድ ታሳየናለች። የኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በ1985 በሕግ ተቋቋመ፤ ማስተማር የጀመረው ግን ከሁለት ዓመት ዝግጅት በኋላ በ1987 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የነበሩት የትምህርት ዘርፎች ሁለት፣ ተማሪዎቹም 4,528 ብቻ ነበሩ። ለዚያ ለሚያህል አገር ይህ ቍጥር ኢምንት ነው። ዛሬ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ተማሪዎች ያሉት የዓለም ታላቅ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ለእኛም አገር ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከ1946 ጀምሮ በተልእኮ ማስተማር የጀመረው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በአዲስ አበባ፣ በአቃቂ፣ ማዕከል ከፍቶ አስተምሯል። የዓለም ባንክ በ1997 ባስጀመረው የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተካፋይ ነበር። ከውጭ የሚገኝ እርዳታ ለመጀመሪያው ወጪ ሊረዳ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ፕሮጀክት የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ተማሪው ግን ያን ቀን በትምህርቱ አጋማሽ ላይ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ከተገዛ በኋላ የአስጠኚው ደመወዝና የሞጁሉ ማደሻ ከየት እንደሚመጣ ያልተጻፈበት ዕቅድ፣ ዕቅድ ሊባል አይገባውም።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ከተባለው የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ የዝግጅቱ ገንዘብ በየዓመቱ የሚለመን ሳይሆን ቢያንስ እስከ መጀመሪያዎቹ ምሩቃን ድረስ በሕግ ተለይቶ የተመደበ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሥራው ጥቅማቸው ቶሎ በሚታይ በጥቂት ዘርፎች፣ ለምሳሌ በመምህራንና በነርሶች ሥልጠና ይጀመር። ሦስተኛ፣ ሪፖርት ሲቀርብ የተመዝጋቢው ብቻ ሳይሆን የምሩቁም ወጪ፣ ተማሪው ከኪሱ ከከፈለው ጋራ አብሮ ይገለጽ። አራተኛ፣ የምስክር ወረቀቱ በአሠሪዎችና በሙያ ማኅበራት ዘንድ ያለው ተቀባይነት ከምዝገባ በፊት ይረጋገጥ።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውድ መስሎ መታየቱ አይቀርም። ይህንኑ ለሚኒስትሩም ለግብር ከፋዩም ከመነሻው በግልጽ መናገር ይሻላል። ዋጋውን ዐውቆ የገዛ ሰው በክፉ ቀን ንብረቱን ይጠብቃል፤ በነጻ ያህል አገኘሁት ብሎ የሚያስብ ግን ለመጣል አይሳሳም። በናይጄሪያ አንድ ትውልድ የከፈለው የዚህን ልዩነት ዋጋ ነው።