የብዕር ስም በበረዶ መካከል፦ በቀደምት የዋልታ ጉዞዎች የተዘጋጁ ጋዜጦች ሂሳዊ ዳሰሳ

ጋዜጣ ሲባል በተለምዶ የሚታሰበው እርስ በርሱ ለማይተዋወቅ ሕዝብ ወሬ የሚያደርስ ጽሑፍ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መባቻ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዋልታ የዘመቱ መርከበኞች ያዘጋጇቸው ጋዜጦች ግን ከዚህ ትርጓሜ ጋር አይገጥሙም፤ ከውጭ የሚመጣ ዜና አልነበራቸውም፣ አንባቢዎቻቸውም ከጸሐፊዎቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ጊዜ የክረምት ጊዜ ማሳለፊያ ተብለው ይታለፋሉ፤ አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሄስተር ብለም እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው መጽሐፍ ራሳቸውን የቻሉ የጥናት ርእስ አድርጋ አቅርባቸዋለች። በዚህ ዳሰሳ ትኩረት የተሰጠው ለአንድ ባሕርያቸው ነው፤ እርሱም ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት ስፍራ ጸሐፊዎቹ ስማቸውን እየደበቁ መጻፋቸው ነው።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ዊልያም ኤድዋርድ ፓሪ ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ የሚያሻግረውን የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ ፍለጋ ሄክላና ግራይፐር በተባሉ ሁለት መርከቦች 94 ሰዎችን ይዞ ሲጓዝ፣ በ1819 መገባደጃ ሜልቪል ደሴት ላይ በበረዶ ታግዶ ከረመ። ፀሐይ ለ3 ወር ያህል በማትታይበት፣ ብርዱም ከዜሮ በታች 48 ዲግሪ በደረሰበት በዚያ ክረምት በእጅ የሚጻፍ ሳምንታዊ ጋዜጣ ተጀመረ፤ ርእሱ በአማርኛ «የሰሜን ጆርጂያ ጋዜጣና የክረምት ዜና መዋዕል» እንደ ማለት ሲሆን፣ ከኖቬምበር 1 ቀን 1819 እስከ ማርች 1820 ድረስ 21 እትሞች ወጥተውታል። አዘጋጁ የጉዞው የሥነ ፈለክ ተመልካች ኤድዋርድ ሳቢን ነበር። ፓሪ የጋዜጣውን ዓላማ አልደበቀም፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን አእምሮ ከጨለማው ሐሳብ ማራቅ ነበር። በሌላ በኩል ግን በጠባብ ስፍራ የሚወረወር ሽሙጥ ጠብ ሊያስነሣ እንደሚችል ስለተረዳ፣ ቅር የሚያሰኘውን ጽሑፍ ማስቀረቱን ለሳቢን አስተዋይነት ተወው።

የዚህ ጋዜጣ እጅግ ገላጭ ክፍል፣ ጽሑፍ ሳያዋጡ የሚያነቡ መኮንኖችን የሚወቅሱት ደብዳቤዎች ናቸው። ላይ ላዩን ሲታዩ አዘጋጁ የጽሑፍ እጥረት ገጥሞት የተነሣ አቤቱታ ይመስላሉ። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። በትልቅ ከተማ የብዕር ስም ያዥ ከብዙ ሺህ ሰው መካከል ስለሚሰወር ማንም በቀላሉ አይደርስበትም፤ በረዶ በያዛቸው ሁለት መርከቦች ላይ ግን የተጠርጣሪው ቁጥር የሚወሰነው በሚጽፉት ሰዎች ብዛት ነው። እያንዳንዱ ዝምተኛ የተቀሩትን ጸሐፊዎች መሸሸጊያ ስለሚያጠብ፣ እርሱ ራሱ ምንም ሳያጋልጥ የሌሎችን ማንነት ለግምት ያጋልጣል። ስለዚህ ወቀሳው ስንፍናን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ መደበቂያው የጋራ ነበርና ያላዋጣ ሰው በጋራ ጥቅም ላይ እንደተቀመጠ ተቆጥሯል ማለት ይቻላል።

በዚያው ልክ የጋዜጣው ሌላ ጠባይ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ጽሑፍ የሚያዋጡት መኮንኖቹ ነበሩ፤ ከ94ቱ ሰዎች አብዛኛው ተራ መርከበኛ የጉዞውን ድካም እኩል ሲሸከም በገጾቹ ላይ ድምፅ አልነበረውም። ፓሪ በ1821 በጀመረው ቀጣይ ጉዞ ላይ ለመርከበኞቹ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት መከፈቱ ክፍተቱ ምን ያህል እንደነበር ያመለክታል። ለውጡ የታየው በ1845 ከ129 ሰዎች ጋር ወደ አርክቲክ ሄዶ የጠፋውን ጆን ፍራንክሊንን ለመፈለግ በተላኩት መርከቦች ላይ ነው። ከእነዚህ አንዷ በሆነችው አሲስታንስ ላይ በ1850 እና 1851 «ኦሮራ ቦሪያሊስ» የተሰኘው ጋዜጣ ሲዘጋጅ፣ ከጽሑፎቹ ተውጣጥቶ በ1852 ለንደን የታተመው መጽሐፍ የመኮንኖችና የመርከበኞች ሥራ መሆኑን በርእሱ ላይ በግልጽ አስፍሯል።

በአንታርክቲካ ይህ ልማድ በእንግሊዛዊው አሳሽ ሮበርት ፋልከን ስኮት ሁለት ጉዞዎች ቀጥሏል። «የደቡብ ዋልታ ታይምስ» በ1902 ሲጀመር አዘጋጁ ኧርነስት ሻክልተን በጽሕፈት መኪና እየጻፈ፣ ኤድዋርድ ዊልሰን በሥዕል እያስጌጠው፣ አንድ ቅጂ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። በሁለተኛው ጉዞ በ1911 አዘጋጅነቱ ለአፕስሊ ቼሪ-ጋራርድ ተላልፎ፣ በጁን 22 የክረምት አጋማሽ በዓል ቀን አዲሱ ቅጽ 25 ሰዎች በሚኖሩበት ጎጆ ውስጥ ለስኮት ተበረከተለት፤ እርሱም ከራት በፊት ለተሰበሰቡት ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ስኮት የጸሐፊዎቹን ማንነት ገምቶ አብዛኞቹን እንደደረሰባቸው በማስታወሻው መዝግቧል። እዚህ ላይ የብዕር ስም መጋረጃነቱ እጅግ ስስ ሆኖ ይታያል፤ ጸሐፊው እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጦ የገዛ ጽሑፉን በአለቃው አንደበት ሲሰማ፣ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር ሰዎቹ ቢያውቁትም በይፋ ስሙን አለመጥራታቸው ነው። ምስጢርነቱ በጨዋነት የቆመ ስምምነት ነበር።

ሻክልተን በበኩሉ የራሱን ጉዞ በመራበት በ1908 ከዚህ ልማድ አንድ እርምጃ አልፎ «ኦሮራ አውስትራሊስ» የተባለውን መጽሐፍ በኬፕ ሮይድስ አሳተመ፤ ይህም በአንታርክቲካ ተጽፎ፣ ታትሞና ተጠርዞ የወጣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ከጉዞው በፊት ለንደን ውስጥ አጭር የኅትመት ሥልጠና የወሰዱት ኧርነስት ጆይስና ፍራንክ ዋይልድ ማተሚያውን በጎጆው ውስጥ በመኝታቸው ክፍል አቁመው ፊደል ለቀሙ። ቀለሙ በብርዱ ስለሚደድር ከቀለም ሰሌዳው ሥር ሻማ ማብራት ነበረባቸው፤ አንድ ቀን ሻማውን ትተው ሲሄዱ ሰሌዳው ከልክ በላይ ግሎ ጄላቲን መሰል የሆነውን የቀለም መዳመጫ አቀለጠው። በዚያ አህጉር ሌላ መዳመጫ ስላልነበረ፣ የቀለጠውን እንደገና ከማበጀት በቀር ምርጫ አልነበራቸውም።

የመጽሐፉ መቶ ያህል ቅጂዎች የታሰቡት ከጎጆው ውጭ ላለ አንባቢ ጭምር ነበር፤ ያም ሆኖ በርካታ ጽሑፎች የወጡት በብዕር ስም ነው። ለማያውቃቸው አንባቢ እነዚህ ስሞች ማንንም አይደብቁም፤ የሚያመለክቱት በጎጆው ውስጥ የነበረውን መተዋወቅ ብቻ ነው። የጉዞው አባል በርናርድ ዴይ መጽሐፉን የጠረዘው ከስንቅ ሣጥኖች በተገኘ ስስ ጣውላ በመሆኑ፣ በአንዳንዶቹ ቅጂዎች ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ሣጥኑ ይዞት የነበረው ምግብ ስም ሳይጠፋ ቀርቷል፤ ደራሲው ስሙን በሸሸገበት መጽሐፍ ላይ «ቅቤ» የሚለው ጽሑፍ ጎልቶ ይነበባል።