ትሉን የሚያኖረው ቀለቡ ነው

የአንድን ማሳ ጤና ለማወቅ መጀመሪያ የማነሳው አካፋ ነው። ይህን ሥራ ለመማር ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ እዚያ አንድ ቤተሰብ አንዱን ቀይ አፈር በሁለት መንገድ ይይዘዋል። ቤቱን የከበበው የእንሰት ጓሮ ፍግ፣ የቤት ጥራጊና የደረቀ ቅጠል ሳይለየው ይኖራል። ራቅ ያለው የገብስ ማሳ ግን እህሉም ገለባውም ይወሰድበታል፤ ተመልሶ የሚገባለት ጥቂት ነው።

ከሁለቱም ቦታ አንዳንድ ጓል ቆፍሬ አወጣና በእጄ እሰብራለሁ። የእንሰቱ አፈር ፍርፍር ይላል፤ በመካከሉ የመሬት ትል የሄደበት ቀዳዳና ድብልብል ያለ ኩስ ይታያል። የገብሱ ማሳ ጓል ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋና ደረቅ ነው። ከዚያ ከየአፈሩ የደረቀ ፍርፋሪ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ እጥላለሁ። ወዲያው ሟሙቶ ውሃውን ያደፈረሰው፣ ክረምት ሲገባ በጎርፍ ታጥቦ ቁልቁል የሚወርደውም እሱ ነው።

ትሉ አፈሩንና ብስባሹን አብሮ ይውጣል፤ ሆዱ ውስጥ ፈጭቶ ከልጋጉና ከረቂቅ ሕዋሳት ጋር ይለውሰዋል። ኩሱ ትኩስ ሳለ በቀላሉ ይፈርሳል፤ ሲደርቅና ሲቆይ ግን ውሃ የሚቋቋም ፍርፋሪ ይሆናል። በቀዳዳዎቹ ዝናቡ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ሥሩም ይከተለዋል። ቻርለስ ዳርዊን በ1881 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በብዙ የእንግሊዝ አካባቢዎች በየዓመቱ በትሎች ሆድ የሚያልፈውን ደረቅ አፈር በሄክታር ወደ 25 ቶን ገምቶታል። በ2014 እ.ኤ.አ. የብዙ ሙከራዎችን ውጤት ያጠቃለለ ጥናት ደግሞ ትል ያለበት መሬት ምርት በአማካይ 25 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጭማሪው የጎላው የሰብል ተረፈ ምርት በብዛት ወደ አፈሩ በተመለሰበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ትል ገዝተው ማሳ ላይ ለመበተን የሚያስቡትን አልደግፍም። ለኮምፖስት የሚረባው ቀዩ ትል ኑሮው ፍግና ብስባሽ ውስጥ ነው፤ ባዶ የገብስ ማሳ ላይ አይቆይም። ኮምፖስቱን መጠቀም መልካም ነው፤ የማሳውን አፈር የሚሠራው ግን እዚያው የሚኖረው ትል ነው። የትል ብዛት ብቻውንም ዋስትና አይሆንም፤ በብራዚል አማዞን ደን ተመንጥሮ ግጦሽ በሆነ መሬት ላይ አንድ የትል ዝርያ ከመጠን በላይ በዝቶ የላይኛውን አፈር እንዳጠቀጠቀው በጥናት ታውቋል። አፈሩ በጣም አሲዳማ ከሆነም ትል ይሸሻል፤ እንዲህ ባለው ደጋ ኖራ ቀድሞ መግባት አለበት።

ገበሬው ገለባውን የሚያነሳው ጥቅሙ ጠፍቶት አይደለም፤ ከብቱ መኖ ይፈልጋል። ማሳውን በሙሉ በአንድ ዓመት በገለባ አልብሱ ማለት አይቻልም። የሚቻለው የእንሰቱን ጓሮ ዳርቻ በየዓመቱ ጥቂት እርምጃ ወደ ማሳው መግፋት ነው፤ ፍጉ እስከዚያ ይድረስ፣ የእንሰቱ ቅጠል እዚያ ይነጠፍ። ቆላ ወርዳችሁ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ሙዝ የምታለሙም ዘለላው ከተቆረጠ በኋላ ግንዱንና ቅጠሉን ከትፋችሁ እዚያው ተዉት፤ በእሳት አታቃጥሉት። አፈራችሁን አብሉት፤ ትሉ ራሱ ይመጣል።